ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚነሡ የጠጠር መንገዶች፦ ለብስክሌት ተጓዦች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መውጫ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከዋናው ጎዳና ጥቂት ፈቀቅ ሲባል አስፋልቱ ያልቅና በተለምዶ «ፒስታ» የሚባለው የጠጠር መንገድ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የገብስና የስንዴ ማሳ፣ የጽድ ደን፣ የግጦሽ ሜዳና ዘመናት ያስቆጠሩ የታሪክ ሥፍራዎች ይከተላሉ። ይህ ማብራሪያ በእነዚህ መንገዶች በብስክሌት ለመጓዝ የሚያስቡ ዜጎች ምን እንደሚጠብቃቸውና ከእነርሱም ምን እንደሚጠበቅ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው መንገዶቹ ለመዝናኛ ተብለው የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። አርሶ አደሩ እህሉን ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ የሚያደርስባቸው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስባቸው፣ ለቀብርም ለሠርግም የሚታለፍባቸው መንገዶች ናቸው። ብስክሌተኛው በሌላው ሰው የሥራ መንገድ ላይ የሚያልፍ እንግዳ ነው። ከዚህ በታች የተገለጹት ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

በጠጠር መንገድ ላይ የሚደረገው የብስክሌት ጉዞ በውጭው ዓለም «ግራቭል» በሚል ስያሜ ራሱን የቻለ የስፖርት ዘርፍ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በዚሁ ዘርፍ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣሊያን ሀገር አካሂዷል። ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ብስክሌት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከቡድኑ አባላት መካከል እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌተኞች ነበሩበት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ለጉዞው ውድ ብስክሌት መግዛት ግዴታ አይደለም። ለዚህ ዘርፍ የሚመረተው ብስክሌት የጎማው ስፋት በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአዲስ አበባ በስፋት የሚገኘው የተራራ ብስክሌትም ከዚህ የሰፋ ጎማ ስላለው ለፒስታ ተስማሚ ነው። አብዝቶ የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ ቁልቁለት ላይም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከአስፋልቱ ሲወጡ ነፋሱን በመጠኑ መቀነስ ይበጃል። እጅግ ከተቀነሰ ግን ካላማዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቀርቅሮ ይቀደዳል። ጎሚስታ የሚገኘው በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች በመሆኑ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ መለጠፊያና የእጅ መንፊያ መያዝ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ መፈተሽ ያለበት ፍሬን ነው፤ የአካባቢው ቁልቁለት ረጅም ነው፣ በግማሽ የተበላ ፍሬን ሜዳ ላይ ደህና መስሎ ቢታይም ቁልቁለቱን አይችልም።

ከከተማ ስለ መውጣት

የጉዞው አደገኛ ክፍል ከጠጠሩ በፊት ያለው አስፋልት ነው። የጅማ፣ የአምቦና የጎጃም መውጫዎች ሦስቱም ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ሌት ተቀን የሚመላለሱባቸው ሲሆኑ፣ በብዙ ቦታ የመንገዱ ጠርዝ ጠባብ ነው ወይም በቆሙ ተሽከርካሪዎችና በግንባታ ዕቃ ተይዟል። ስለዚህ ብስክሌቱን በተሽከርካሪ ጭኖ ጠጠሩ እስከሚጀምርበት ድረስ መድረስ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም። ብዙ ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች ሳይቀሩ የሚመርጡት መንገድ ነው። በአስፋልቱ መንዳት የግድ ከሆነ እሑድ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ የራስ ቁር ማጥለቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ መልበስና የኋላ መብራት ማብራት ይገባል። በቡድን የሚሄዱም ጎን ለጎን ሳይሆን ተከታትለው መንዳት አለባቸው።

በሰበታ በኩል

ከሦስቱ መነሻዎች በታሪክ ሀብት የሚልቀው የሰበታ አቅጣጫ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ወደ 3,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በምዕራባዊው ተዳፋቱ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። እንደሚተረከው ደኑ የተጠበቀው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) ጀምሮ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለዋል። በዚህም ምክንያት በአፍሪካ በጥበቃ ሥር ረጅም ዘመን ከቆዩት ደኖች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ጎብኚዎች በመግቢያው ተመዝግበው የመግቢያ ክፍያ ይፈጽማሉ፤ ደረሰኙንም እስከ መውጫ መያዝ አለባቸው። ብስክሌት መነዳት ያለበት በተሽከርካሪ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። የእግረኛውን መንገድ የጎማ ዱካ ከቦረቦረው በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ተከትሎት ይወርዳል፤ ተዳፋት ላይ አንድ ጊዜ የተከፈተ ቦይ በቀላሉ አይደፈንም። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚታዩት ደግሞ ድምፅ ሳይበዛ ለሚያልፍ ሰው ነው።

በሰበታ ክልል ከምትገኘው ዓለምገና ወደ ደቡብ የሚገነጠለው የቡታጅራ መንገድ ወደ መልካ ቁንጡሬ ይወስዳል። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከባልጩት ጋር በአንድነት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የሰው ዘር ቀደምት ትውልዶች ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ይኖሩበት እንደ ነበር ቅሪተ አካላት፣ የድንጋይ መሣሪያዎችና የእግር ዱካዎች ይመሰክራሉ። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል፤ የጥንቱ ሰው ደጋን መልመድ እንዴት እንደ ጀመረ የሚመረመርበት ቦታ ነውና። ባልጩት የሥፍራው ስም ብቻ ሳይሆን በአማርኛ የዚያ ጥቁር አንጸባራቂ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መጠሪያም ነው። ቀደምት ሰዎች ስለታም መሣሪያ የሚሠሩበት ይኸው ድንጋይ ዛሬም በአካባቢው መሬት ላይ ተበትኖ ይታያል። ጎማ መቁረጡ ለብስክሌተኛው ችግር ነው፤ ለቅርሱ ግን የሚከፋው አንድ ስባሪ አንሥቶ በኪስ መክተት ነው። እያንዳንዱ ስባሪ ትርጉም የሚኖረው በተገኘበት አፈርና ንብርብር ውስጥ ሲሆን፣ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ዕድሜውንም ሆነ የተሠራበትን ዘመን ለመናገር እጅግ አዳጋች ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ይጠብቃል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ሳይነካ ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅም ያስገድዳል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ቦታውን በስልክ መዝግቦ ለሥፍራው ጥበቃ ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማመልከት በቂ ነው።

ከቡታጅራ መንገድ በጠጠር የሚገባው ሌላው ሥፍራ አዳዲ ማርያም ነው። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ዛሬም ይቀደስበታል። በመሆኑም ጎብኚዎች ቅዳሴ እስኪፈጸም መጠበቅ፣ ጫማ ማውለቅና በብስክሌት ልብሳቸው ላይ ረዘም ያለ ሱሪ ወይም ነጠላ መደረብ ይጠበቅባቸዋል።

በቡራዩና በሱሉልታ በኩል

የቡራዩ አቅጣጫ አጠር ያለ ጉዞ ለሚሹ ይመቻል። የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባን የመጠጥ ውኃ ከሚመግቡት ቀደምቱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታይበታል። ውኃው የሚጠጣ በመሆኑ በዳርቻው ብስክሌት ማጠብም ሆነ መታጠብ አይገባም። ከዚያ አልፎ የሚገኘው የመናገሻ ከተማ ወደ ሱባ ደን የሚያስገባ ሁለተኛው በር ነው።

ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለየው የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከዝቅተኛ ሥፍራ የሚመጡ፣ በተለይም ከውጭ ሀገር ለዕረፍት የገቡ የትውልደ ኢትዮጵያ ጎብኚዎች፣ ጥቂት ቀናት አርፈው ሰውነታቸውን ካላለማመዱ ዳገቱን ባይጀምሩት ይመረጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ሸንተረር ላይ ይገኛል፤ ሥርዓቱ የተፈጸመው በ1882 ዓ.ም. ነው። በባሕር ዛፉ መካከል የማገዶ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ያጋጥማሉ። ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ዞር ብለው የኋላውን ለማየትም ሆነ በድንገት ለመቆም አይችሉም፤ መንገዱን መልቀቅ ያለበት ብስክሌተኛው ነው። ከሸንተረሩ በስተሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ታዋቂ ሯጮች የሚለማመዱበት በመሆኑ በማለዳ በፒስታው ዳር የሯጮች ቡድን ማግኘት የተለመደ ነው።

ወቅትና የመንገድ ሥነ ምግባር

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ክረምት ዋልካ መሬት ያለባቸው መንገዶች ለብስክሌት አይሆኑም። ጭቃው በጎማና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ፈጽሞ ያስቆመዋል፤ የሱሉልታ ሜዳም በብዙ ቦታ ውኃ ይተኛበታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ እጅግ ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ ያው ጊዜ የአጨዳና የውቂያ ወቅት በመሆኑ በመንገድ ዳር በተከመረ እህል ወይም በአውድማ ላይ በብስክሌት ማለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን የሰው ንብረት ማበላሸት ነው። በገበያ ቀን ጭነት የያዙ አህዮችና ፈረሰኞች ይበዛሉ። ፈረስ ከኋላው በጸጥታ የሚመጣ ብስክሌት ያስደነብረዋል፤ ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ ሲቃረቡም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ይበጃል። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ደግሞ ብዙ ነገር ያቀልላል። ለሕፃናት በመንገድ ላይ ሳንቲም ማደል ተሽከርካሪ እያሳደዱ እንዲሮጡ ስለሚያለምዳቸው አይመከርም።

ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ወቅታዊ ሁኔታ ከክፍለ ከተማው ወይም ከወረዳው አስተዳደር መጠየቅ፣ መታወቂያቸውን መያዝና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ማሳወቅ አለባቸው። በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከዚያ በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል፤ ጅብም ይወጣል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ወደ አስፋልቱ መመለስ ይገባል። የእረኛ ወይም የግቢ ውሻ ሲያሳድድ ከመሸሽ ይልቅ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ መቆም ይሻላል። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ስለ እብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውምና። ለከባድ ጉዳት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ደዋዩ የቀበሌውን ወይም በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ስም መናገር መቻል አለበት፤ ለዚህም በጉዞው መካከል የሚያልፉባቸውን ሥፍራዎች ስም ነዋሪዎችን እየጠየቁ መያዝ ያስፈልጋል።