የልጅ ጠብና ጉልበተኝነት፦ አጭር ዳሰሳ

«የልጅ ጠብ ነው፣ ተዉአቸው» የሚለው የአዋቂዎች ፍርድ በሳይንስ መፈተሽ ከጀመረ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

ከዚያ ቀድሞ የተነሣው ጠበኝነት ራሱ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 72 ልጆችን ፈተኑ። አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ልጆች ያንኑ ደገሙት። ካናዳዊው ሪቻርድ ትሬምብሌይ በበኩላቸው ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለዓመታት ተከታተሉ። መማታትና መገፍተር የሚበዛው በ2 እና በ3 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል። ልጅ ስሜቱን መግታት የሚለምደው ከአሳዳጊዎቹ ነው፤ የሚያየው ግን ዱላ ከሆነ ዱላን ይለምዳል። ሌላው ተመራማሪ ኬኔት ዶጅ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ጠበኛ ልጆች ሳይታሰብ የነካቸውን ሁሉ ሆን ብሎ እንደመታቸው የመቁጠር ዝንባሌ አላቸው።

ጠብ ሁሉ ግን ጉልበተኝነት አይደለም። በ1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ ምርምሩን የጀመሩት ዳን ኦልቬዩስ ሦስት መለያዎችን አስቀመጡ፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና የጉልበት አለመመጣጠኑ። በ1982 መጨረሻ ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ታዳጊዎች ራሳቸውን አጠፉ፤ ሰበቡም የእኩዮቻቸው በደል ሳይሆን አልቀረም ተባለ። በማግስቱ ዓመት አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ኦልቬዩስ በበርገን ከተማ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትለው በደሉ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳወቁ። በ1995 ደግሞ ተመራማሪዋ ኒኪ ክሪክ ዱላ የሌለበትን ጥቃት አጠኑ፤ ሐሜት፣ ኩርፊያና ከጨዋታ ማግለልም እንደሚያቆስሉ አሳዩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከፊንላንድ ነው። ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓይናቸውን ከበዳይና ከተበዳይ አንሥተው በዙሪያቸው ወደቆሙት ልጆች አዞሩ። አጋዥ፣ ስቆ አጫፋሪ፣ ዝም ብሎ ተመልካችና ተከላካይ ለይተው አገኙ። ጉልበተኛው የሚፈልገው በእኩዮቹ ዘንድ መከበርን ነው፤ አጫፋሪ ሲያጣ ትርፉ ይቀርበታል። ኪቫ የተባለው የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች የፀረ ጉልበተኝነት መርሐ ግብር የተገነባው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ ወላጅም መምህርም «የልጅ ጠብ ነው» ከማለታችን በፊት እንጠይቅ፦ ጉልበታቸው እኩል ነው? ይደጋገማል? ማንስ አብሮ ይስቃል? ልጃችን ባይመታም፣ ስቆ ከሆነ የመጣው፣ ያን ዕለት ማታ ልናነጋግረው ይገባል።