ሽቦው ከላይ፣ ጨለማው ከታች
ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የከብት ደወል፤ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ ባቡር)

ተራኪ፦
ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ከመተሐራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ከብቶች ወደ በረት ይመለሳሉ። የጅቡቲው ባቡር በአጠገባቸው ያልፋል። ይህ ባቡር የሚሄደው በናፍጣ አይደለም፤ ከአናቱ በላይ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ካለፈ በኋላ ሜዳው ጭልም ይላል። ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ አንዲት እናት ሁለት እጆቿ ስለተያዙ የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ ላም ታልባለች።

(ድምፅ፦ ወተት ወደ ዕቃ ሲወርድ)

መተሐራ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሌላው ቢጎድላት ፀሐይ አይጎድላትም። ለዚህም ነው 100 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይገነባባት ተብሎ ጨረታ የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር የሚመራ ቡድን ማሸነፉ ተነገረ። ወጪው 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ የዓመት ምርቱም 280 ጊጋዋት ሰዓት ያህል እንደሚሆን ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፤ ማመንጫው ግን ሳይገነባ ቆይቷል።

አገር ይህን ማመንጫ የምትፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከኤሌክትሪካችን አብዛኛው የሚመጣው ከግድብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። ወንዝ በሚጎድልበት ወራት ፀሐይ ትበረታለች።

ላሟን በእጅ ባትሪ የምታልበው እናትስ ምን ታገኛለች?

ብዙዎቻችን ማመንጫ ባለበት መብራት አለ ብለን እናስባለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከሶላር ሰሌዳዎቹ የሚወጣው ኃይል ቮልቴጁ ከፍ ተደርጎ በታላቁ መስመር ወደ ብሔራዊው ቋት ይገባል። ወደ መንደር እንዲወርድ ትራንስፎርመር፣ አነስተኛ መስመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል። ይህ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ካልተካተተ፣ ሽቦው በጎጆው አናት ላይ ያልፋል እንጂ ወደ ጎጆው አይገባም።

በመተሐራ ዙሪያ የሚኖሩት የከረዩ አርብቶ አደሮች በአጠገባቸው የሚያልፍ ልማት ምን እንደሆነ ኖረውበታል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል፣ በአዋሽ ዳርቻም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ሲተከል፣ የሄደው ለበጋ የሚያቆዩት ግጦሽ ነበር። የበሰቃ ሐይቅም እየሰፋ ጨዋማ ውኃው ተጨማሪ መሬት በልቷል። ለ1 ሜጋዋት 2 ሄክታር ያህል ብንይዝ፣ ይህ ማመንጫ 200 ሄክታር ይፈልጋል። ድርቅ ባለበት ዓመት 200 ሄክታር ሣር ማለት የከብት ነፍስ ማለት ነው።

መሬቱ ግን የግድ ለግጦሽ መዘጋት የለበትም። ሰሌዳዎቹ ከፍ ብለው ከተተከሉ ጥላው እርጥበት ይይዛል፣ ከሥራቸው ሣር ይበቅላል፣ በግ ገብቶ ይግጣል። በሌሎች አገሮች የተለመደ አሠራር ነው። ፍየል ግን አይሆንም፤ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ ሽቦም ያኝካል።

ውኃም እንዲሁ ነው። ሰሌዳ አቧራ ከለበሰ ምርቱ ይቀንሳልና መታጠብ አለበት። ለማጠቢያ ተብሎ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ፣ አንድ ቧንቧ ወደ ከብት ገንዳ ማውጣት ምን ይከብዳል? የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና ለሰው መጠጥ ከመዋሉ በፊት ይመርመር። የአካባቢው ጤና ኬላ ደግሞ መብራት ካገኘ የክትባት ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ይሠራል፤ በሌሊት ምጥ የያዛት እናትም በስልክ መብራት አትወልድም።

ስለ ሥራ ዕድል የሚነገረውን ግን በልኩ እንያዘው። ግንባታው እስኪያልቅ ብዙ ሰው ይቀጠራል። ካለቀ በኋላ የሚቀሩት ጥበቃ፣ አጣቢና ጥቂት ቴክኒሺያኖች ናቸው። ሺህ ሥራ ቃል ከመግባት፣ ቴክኒሺያኖቹ የዚያው የፈንታሌ ወረዳ ልጆች እንዲሆኑ ከአሁኑ ማሠልጠን ይሻላል።

(ድምፅ፦ ነፋስ)

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣለች፣ ተሰንጥቃለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሄደዋል። ቦታው ዳግም ሳይጠና ምንም ነገር አይተከል። ጥናቱ ሲካሄድም ስንጥቁ የት እንደጀመረ፣ ጎርፍ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ሜዳ በበጋ ሣር እንደሚይዝ ከብት ጠባቂዎቹ ያውቃሉና ይጠየቁ።

የዚህን ማመንጫ ውል የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ትራንስፎርመሩን፣ የከብት ገንዳውን፣ የጤና ኬላውን መስመርና የበጎቹን መግቢያ በር ከነብዛታቸው ጻፉበት። ከመፈረሙም በፊት በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ለሽማግሌዎቹና ለእናቶቹ ይነበብላቸው።