ሹክሹክታ ከኒውዮርክ ምክር ቤት ጓዳ

ይቺ በእኔና በእርስዎ መካከል ትቅር። ኦክቶበር 17 ቀን 2019 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት የራይከርስ ደሴት እስር ቤት ተዘግቶ በምትኩ አራት አዳዲስ እስር ቤቶች እንዲገነቡ 36 ለ13 ወሰነ። ጋዜጦች የድምፁን ውጤት ጻፉ። ውስጥ አዋቂዎቹ ግን ውጤቱን ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ነገሩ ያለቀው በጓዳ ነውና።

እንዴት ቢሉ፣ ምክር ቤቱ ያልተጻፈ ደንብ አለው። በአንድ ሰፈር ግንባታ ሲታሰብ የሰፈሩ ተመራጭ «ይሁን» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውም ይከተለዋል። ስለዚህ 51ዱንም አባላት ደጅ መጥናት አያስፈልግም። እስር ቤቶቹ የሚገነቡባቸው የአራቱ ሰፈሮች ተመራጮች፣ ከማንሃታን ማርጋሬት ቺን፣ ከብሩክሊን ስቲቨን ሌቪን፣ ከኩዊንስ ካረን ኮስሎዊትዝ፣ ከብሮንክስ ዳያና አያላ እሺ ካሉ በቂ ነው። አምስተኛው ክፍለ ከተማ ስታተን አይላንድ «ከእናንተ የሚመጣው እስረኛ ጥቂት ነው» ተብሎ ከጣጣው ተርፏል።

ድርድሩ በምን ላይ ነበር? በቁመት! ለማንሃታኑ ሕንፃ መጀመሪያ 450 ጫማ ተጠራ፤ ሰፈርተኛው ጮኸ፤ ድምፅ ሊሰጥ ሲል 295 ላይ ረጋ። የብሩክሊኑም ከ395 ወርዶ እዚያው 295 ላይ ተገናኘ። የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ያየ ሰው ጨዋታው አይጠፋውም። ተመራጩ ወደ መራጮቹ ሲመለስ «አስቀነስኩላችሁ» የሚለው አገኘ። የማንሃታኑ እስር ቤት ጎረቤት በሆነው በቻይናታውን ላለው ሙዚየም ቋሚ ቤት ደግሞ 35 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ተቃዋሚዎችም ሙዚየሙ ደጅ ላይ ሰልፍ ወጡ።

ዋናው ምስጢር ያለው አልጋው ላይ ነው። ሕንፃው ያጠረው የእስረኛው ቁጥር ወደ 3,300 ይወርዳል ተብሎ ነው። ያኔ የታሰረው ሰው 7,000 ገደማ ነበር። እስረኛ የሚልከው ግን ምክር ቤቱ አይደለም፤ ዓቃቤ ሕጉና ዳኛው ናቸው። የዋስትና ሕጉም ያለው በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እጅ ነው። በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ቁጥሩ ከ4,000 በታች ወርዶ ተስፋ ሰጠ፤ ኋላ ተመልሶ አሻቀበ። ከተማውም አልጋውን ወደ 4,160 ከፍ አደረገ። 8.7 ቢሊዮን ዶላር የተባለው ወጪ ደግሞ ዛሬ ወደ 16 ቢሊዮን ተጠግቷል።

መዝጊያው ቀንስ? መጀመሪያ 2026 ተባለ፤ ከዚያ በሕግ ወደ ኦገስት 2027 ተገፋ። የብሩክሊኑ ሕንፃ በ2029፣ የማንሃታኑ በ2032 ያልቃል ተብሎ ነው የተዋዋሉት። እንግዲህ ሕጉና ውሉ ተላልፈዋል ማለት ነው። ከንቲባው ዴ ብላሲዮ፣ አፈ ጉባኤው ኮሪ ጆንሰንና ከአራቱ ተመራጮች ሦስቱ በ2021 መጨረሻ ከወንበራቸው ተነሥተዋል፤ የሥልጣን ገደቡ መቼ እንደሚያስወጣቸው ደግሞ ድምፅ ሲሰጡም ያውቁት ነበር። ምክር ቤት ቀጠሮ ሲሰጥዎ ቀኑን ብቻ አይመዝግቡ፤ ያን ቀን ማን ወንበሩ ላይ እንደሚገኝም ይጠይቁ።