«ሯጭ ነኝ» አይበቃም፦ ስለ መኮንንነት ሥልጠና ዝግጅት የሚወራውና እውነቱ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአትላንታ ወይም በሚኒያፖሊስ ከሚኖሩ ሐበሾች መካከል «ልጄ አርሚ ልትገባ ነው» የሚል ወላጅ ማግኘት አይከብድም። ዲግሪ የጨረሱት ደግሞ ሐሳባቸው ከፍ ይላል፤ ከገቡ አይቀር በመኮንንነት መግባት ይፈልጋሉ። ያኔ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ከካፌው፣ ከሰንበቴው፣ ከቲክቶኩ፣ ከዓመታት በፊት ከሠራዊቱ ከወጣው የአጎት ልጅ። አብዛኛው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ቅንነት ጉልበት ከመሰበር አያድንም።

እዚህ የምናነሳው የአሜሪካ ምድር ጦርን የእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ጆርጂያ ውስጥ፣ ፎርት ቤኒንግ ነው። የካምፑ ስም በ2023 ፎርት ሙር ተብሎ በ2025 ወደ ቤኒንግ ስለተመለሰ፣ በሁለቱም ስሞች የምታገኟቸው ጽሑፎች የሚያወሩት ስለ አንድ ቦታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«መኮንን ጭቃ አይነካም» ከሚለው እንጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ዲግሪ ይዞ ከሲቪል ሕይወት የሚመጣ እጩ መጀመሪያ እንደማንኛውም ምልምል 10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል። የመኮንንነቱ 12 ሳምንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተመርቆ የሚይዘው ማዕረግም ምክትል መቶ አለቃ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጭቃ የሁሉም ነው።

«ሩጫ በደማችን ነው»

ከሁሉም ተረት በላይ እኛን የሚጎዳን ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ይመስላል። ሠራዊቱ ከጁን 2025 ጀምሮ የሚጠቀምበት የአካል ብቃት ፈተና አምስት ክፍሎች አሉት። ከባድ ብረት ከመሬት ሦስት ጊዜ ማንሳት (ዴድሊፍት)፣ ደረት መሬት በነካ ቁጥር እጅን ከመሬት የሚያላቅቁበት ፑሽ አፕ፣ ሩጫና መጎተት ከመሸከም ጋር የተቀላቀለበት ምልልስ፣ ፕላንክ፣ በመጨረሻም የሁለት ማይል ሩጫ። እያንዳንዱ እስከ 100 ነጥብ ያስገኛል፤ በእያንዳንዱም ቢያንስ 60 ማምጣት ግድ ነው። ስለዚህ በሩጫው 100 ያመጣ ሰው በዴድሊፍቱ 50 ካመጣ ወድቋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንለትም።

ቀጭኑን ሯጭ የሚያጋልጠው ምልልሱ ነው። አምስት ጊዜ 50 ሜትር ነው፤ 25 ሜትር ሄዶ መመለስ። መጀመሪያ ሩጫ፣ ቀጥሎ 90 ፓውንድ (41 ኪሎ ገደማ) የተጫነበትን ስሌድ ወደ ኋላ እየሄዱ መጎተት፣ ከዚያ በጎን መሮጥ፣ ከዚያ በየእጁ 40 ፓውንድ ብረት ይዞ መሮጥ፣ ማሳረጊያው ደግሞ ባዶ እጅ ሩጫ። በመሃል እረፍት የለም። ስሌዱ ላይ ቀድሞ የሚቃጠለው ሳንባ ሳይሆን ጭን ነው፤ ብረቱን ይዞ ሲሮጥ ደግሞ ጣት መከፈት ይጀምራል። በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የከረመ፣ ግን ከምግብ አስቤዛ በስተቀር ክብደት ተሸክሞ የማያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ይደነግጣል።

«ደጋ ነው ያደግሁት፣ ሳንባዬ ሌላ ነው» የሚሉም አሉ። ከፍታ ደምን ያበረታል፤ እውነት ነው። ግን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርደው ከቆዩ ያ ጥቅም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። አምስት ዓመት ሜሪላንድ ኡበር የነዳ ሰው የሰሜን ሸዋን አየር ሳንባው ውስጥ ይዞ አይዞርም።

ከዚያ አበበ ቢቂላ ይጠቀሳል፤ ወታደር፣ የክብር ዘበኛ፣ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈ። ትክክል። ግን ያ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶው የጠነከረ፣ በአሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ለረጅም ጊዜ የተገራ ነበር። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በሮም 2፡15፡16 የነበረውን ሰዓቱንም ወደ 2፡12፡11 አወረደው። ይሄኛውን ግማሽ የሚተርክ ብዙ አይገኝም።

«ካላመመህ አልሠራህም»

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን በቲሸርት ላይ ጽፈው ይለብሱታል፤ የእኛም ልጆች ተቀብለውታል። የጡንቻ ድካምና የአጥንት ሕመም ግን አንድ አይደሉም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሥልጠና ሊገባ ወር ሲቀረው ከእንቅልፉ ነቅቶ በአንድ ጊዜ ሩጫም፣ የጀርባ ጓዝም፣ ዝላይም የሚጀምር ሰው ጡንቻው ችሎለት አጥንቱ ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ ቅልጥሙ ወይም የእግሩ መዳፍ ላይ። ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት ይሄ ነው። ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሕመሙ የሰፋ ሳይሆን በአንድ ጣት የሚጠቆም ነው፣ በሠሩ ቁጥር ይብሳል፣ እየቆየም ተቀምጠው እንኳን አይለቅም። እንዲህ ከሆነ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ ሐኪም ያስፈልጋል።

የጀርባ ጓዝ ልምምድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በየቀኑ በመሥራት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በትንሽ ክብደትና በአጭር መንገድ ይጀመራል፤ ክብደትና ርቀት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም። በሠራዊቱ ውስጥ ስሙ የሚጠራው ከባዱ መለኪያ 35 ፓውንድ (16 ኪሎ ገደማ) ተሸክሞ 12 ማይልን በሦስት ሰዓት መጨረስ ነው። እዚያ ለመድረስ ወራት ይወስዳል፤ መውሰድም አለበት። ጓዙን ይዞ መሮጥም አያስፈልግም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ጉልበትንም ጀርባንም ያተርፋል።

በተለይ ለሴት እጩዎች፦ በ2008 የታተመ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ምልምሎች ጥናት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ላይ የአጥንት መሰንጠቅ 20 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ጠቆር ያለ ቆዳ ይዞ በሰሜን አሜሪካ ክረምት ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው ቫይታሚን ዲ ማስመርመር አይከፋም።

ውሃ፣ ጾምና ጤፍ

ፎርት ቤኒንግ ከአሜሪካ ካምፖች ሁሉ የሙቀት ሕመም በብዛት ከሚመዘገብባቸው አንዱ ነው። ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ነው፤ ላቡ ይወጣል እንጂ አይደርቅም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኤሲ ባለው ጂም ብቻ የሠለጠነ ሰው ገና አልተዘጋጀም። «ውሃ እንደ ጉድ ጠጣ» የሚለው ምክር ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ሠራዊቱ ራሱ ለውሃ ጣሪያ አለው፦ በሰዓት ከአንድ ኳርት ተኩል (1.4 ሊትር ገደማ)፣ በቀን ደግሞ ከ12 ኳርት እንዳይበልጥ። ከዚያ ካለፈ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዘባርቃል። ያየው ሁሉ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ሲጨምርለት ሊሞት ይችላል። ምግብ መዝለል የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ጨውን የሚመልሰው ምግብ ነው።

ጾመኞች ሲዘጋጁ «ጾም ላይ ጡንቻ አይገነባም» ይባላሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ያለበት ቤት ፕሮቲን አይጠፋም፤ ብቻ መጠኑ ከወትሮው በዛ ይበል። የምጠራጠረው ሌላውን ነው፦ «ጤፍ በብረት የተሞላ ስለሆነ ደም ማነስ አያሰጋንም»። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነትም በደንብ አይወስደውም። የእንጀራው መቡካት መምጠጡን ያግዛል፤ ከጎኑ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ደግሞ የበለጠ። ቡናው ግን ከምግቡ ጋር ሲሆን ብረቱን ይይዘዋል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ቢቆይ ይመረጣል። ሩጫው ያለ ምክንያት ከከበደ ደም ይመርመር፤ ሳይመረመሩ የብረት ክኒን መዋጥ ግን ልክ አይደለም።

ጫት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። «ቅጠል ነው» የሚል ክርክር አያዋጣም።

ካርታ ማንበብ

ስለ ጡንቻ ሲወራ የሚረሳው ይህ ነው። እጩ መኮንን ቀንም ሌሊትም ጫካ ውስጥ በካርታና በኮምፓስ ብቻ ምልክት ፈልጎ ማግኘት አለበት። ስልክ የለም። «እዚያ ያስተምሩኛል» ይባላል፤ ያስተምራሉ፣ ግን ለደከመና እንቅልፍ ለጎደለው ሰው ነው የሚያስተምሩት። ቤት ሆኖ የሚለመደው ብዙ ነው። ለምሳሌ እርምጃ ቆጠራ፦ 100 ሜትር ለክቶ ግራ እግር መሬት በነካ ቁጥር መቁጠር። ሰው ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። ያንን በሜዳ ላይ ለክቶ ማቆም ግን አይበቃም፤ ዳገት ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጓዝ ይዞና በጨለማ ቁጥሩ ይለወጣል። 1፡50,000 መጠን ያለው ካርታ ላይ ቦታን በስምንት አሃዝ ማውጣት፣ በካርታው ሰሜንና በኮምፓሱ ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት መደመርና መቀነስ፤ እነዚህ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚለመዱ ናቸው። ቨርጂኒያ አካባቢ ላላችሁ፣ የፕሪንስ ዊልያም ጫካ ፓርክ ቋሚ የካርታ ልምምድ ምልክቶች አሉት፤ የኳንቲኮ ኦሪየንቲሪንግ ክለብም በአካባቢው ውድድር ያዘጋጃል። አንድ ቅዳሜ እዚያ ጠፍቶ መገኘት አሥር ቪዲዮ ከማየት ይበልጣል።

ድምፅም ይለማመዱ። እጩ መኮንን በጓዶቹ ፊት ቆሞ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ ትዕዛዙም ሁኔታውን፣ ግዳጁን፣ አፈጻጸሙን፣ ስንቅና ድጋፉን፣ አመራርና ግንኙነቱን በቅደም ተከተል ይይዛል። የእንግሊዝኛ አነጋገር ዘዬ ችግር አይሆንም። አንገት ደፍቶ ቀስ ብሎ ማውራት ግን ይሆናል፤ በአስተዳደጋችን ጨዋነት የሆነው እዚያ እንደ መወላወል ይታያል።

ወረቀቱ

«ዲግሪ ካለኝ ፈተና ምን ያደርጋል?» አዝቫብ የሚባለው መግቢያ ፈተና ላይ ጂቲ የተባለው ውጤት 110 መድረስ አለበት፤ እሱም የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የንባብና የሂሳብ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ኢንጂነሪንግ ተምሮ ሂሳቡን የሚያፈስ ሰው ቃላቱ ላይ ሊቀር ይችላል። «በተማሪ ቪዛም ይገባል» የሚለው ወሬ ደግሞ ግሪን ካርድ የሌላቸውን አንዳንድ የውጭ ዜጎች ይቀበል የነበረው የማቭኒ ፕሮግራም ትዝታ ነው፤ ፕሮግራሙ ከ2016 ጀምሮ አዲስ ሰው አይቀበልም። በግሪን ካርድ ወታደር መሆን ይቻላል፤ እጩ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል።

ከዚያ የደኅንነት ማጣሪያው ይመጣል። የአሥር ዓመት አድራሻና ሥራ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶች፣ የውጭ ጉዞ፣ ሁሉም ይጠየቃል። «አዲስ አበባ ያለችውን እህትህን አትጥቀስ» የሚል መካሪ ካለ አትስሙት። ዘመድ መኖሩ በራሱ አያስጥልም፤ መደበቁ ግን ያስጥላል። የሐበሻ ወረቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ በአንዱ ላይ የአያት ስም የአባት ቦታ ገብቷል፣ በሌላው ላይ የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይቀየር ቀርቷል፣ የስሙ አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ይለያያል። ይህን ማስተካከል ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከፑሽ አፑ እኩል ዛሬ ይጀመር።

በመጨረሻም ውሉ። መልማዩ «ግባ እንጂ፣ በኋላ መኮንን ትሆናለህ» ቢል፣ በቃል የተባለው አይቆጠርም። ለእጩ መኮንንነት የሚገባ ሰው የቅጥር ውሉ ላይ 09ኤስ የሚል ኮድ ይኖራል። በሥልጠናው የወደቀ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይሸኝም፤ ሠራዊቱ በፈለገበት ሥራ ወታደር ሆኖ የፈረመውን ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ ኮዱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ።