ዋልያና ዋንጫ

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ያንን ቀን በቀላሉ አይረሳውም። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ብሔራዊ ቡድናችን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ረቶ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ቀን ነው። ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ያልዘለለ አልነበረም። ጥር ላይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሄደን፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን። ያኔ "ዋልያዎቹ" የሚለው ስም በሁሉም አፍ ገባ። ማልያው ዋልያ፣ ታክሲው ላይ የተለጠፈው ዋልያ፣ በኋላ ቢራውም ዋልያ ሆነ።

ለመሆኑ ከመካከላችን እውነተኛውን ዋልያ በዓይኑ ያየ ስንት ነው? ብዙ አይመስለኝም። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎንደር፣ የሰሜን ተራሮች ላይ። እዚያ ካለቀ አለቀ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ዋልያ የለም።

ሰሌዳውን እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ800 በላይ ዋልያዎች ተቆጥረው ነበር። በ2024 የተነገረው ቁጥር 300 ገደማ ነው። ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ዋልያ ደግሞ እንደ ፍየል በአንዴ ሁለት ሦስት አይወልድም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ነው። አንድ ጥይት በአንድ ሰከንድ የምትወስደውን ተራራው መልሶ እስኪያሳድገው ዓመታት ይፈጃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ1996 ዋልያው በማነሱ ጭምር "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" ከሚባሉት ተርታ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስንት ተለፍቶ ዋልያው ተራብቶ፣ በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ቡድን ወርዶ ተመልሶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ እንደማደግ ነበር። አሁን እንደገና ወደ ወራጅ ቀጣናው ገብተናል።

ገዳዩ ማነው? ከብቱ ግጦሹን ተሻምቶታል፣ እርሻው ወደ ገደሉ ተጠግቷል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ፈጣኑ ገዳይ ግን ጠመንጃ ነው። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቆዳውና ለቀንዱ ሲታደን ኖሯል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የዋልያ ቀንድ ረጅም ነው፣ የትልቁ ወንድ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ድሮ የአካባቢው ሰው ምን ይሠራበት ነበር ብትሉ፣ መጠጫ! ዋንጫ ማለት ነው። እኛ ዋልያዎቹ ዋንጫ ያመጣሉ ብለን ስንጮህ፣ ተራራው ላይ ግን ዋልያው ራሱ ዋንጫ ሲሆን ኖሯል።

ለአደን ያለን አመለካከትም ቢሆን ግራ የሚያጋባ ነው። በአያቶቻችን ዘመን አዳኝ ጀግና ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ደፍቶ ይፎክራል፣ ዝሆን የጣለ ይሸለማል። ዛሬ ደግሞ አዳኝ ሲባል አብዛኛው የከተማ ሰው የሚታየው ወንጀለኛ ነው። ሁለቱም ሙሉ እውነት አይደለም። ሕጋዊ አደን የሚባል አለ፣ ሕገወጥ አደን የሚባልም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ መውቀጥ ኳስ ቀምቶ የሚወጣውን ተከላካይ እግር ከሚሰብረው ጋር እኩል ቀይ ካርድ እንደማሳየት ነው።

ሕጋዊው አደን እንደ ኳስ ሕግ አለው። በአገራችንም ለአደን የተከለሉ ቀጣናዎች አሉ፤ አዳኙ ፈቃድ ያወጣል፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፣ የሚገደለውም በኮታ ነው። ለምሳሌ በባሌና በአርሲ አካባቢ ያለውን የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ አዳኞች ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ዋልያ ግን በዚህ ገበያ ውስጥ የለም፤ የተጠበቀ እንስሳ ነው። የጨዋ አዳኝ ደንብ የሚባለውም ግልጽ ነው። እርጉዝና ግልገል የምታጠባ አትነካም፣ የሚመረጠው ዕድሜው የገፋ ወንድ ነው፣ ከመኪና ላይ አይተኮስም፣ የቆሰለ ጥሎ አይኬድም። ደጋፊዎቹ "ይህ ገንዘብ ካልመጣ ገበሬው ጫካውን ያርሰዋል" ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ "ለደስታ ብሎ መግደል ምን ሕግ ያጸዳዋል?" ብለው ይጠይቃሉ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ጨዋ አዳኝ ያደርጋል ወይ? የዚምባብዌውን ሲሲል እናስታውስ። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሲሲል የሁዋንጌ ፓርክ ኮከብ የሆነ የ13 ዓመት አንበሳ ነበር፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መከታተያ አንገቱ ላይ አስረውለታል። አንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም 50 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍሎ መጣ ተባለ። እንደተዘገበው አንበሳው በሥጋ ተማልሎ ከፓርኩ ክልል ውጪ ወጣ፣ ሌሊት በቀስት ተመታ፣ የተገደለው ቆስሎ ከሰዓታት በኋላ ነው። ዓለም ተነሳበት። ዴልታን የመሳሰሉ አየር መንገዶች የአንበሳና የዝሆን የአደን ምርኮ አንጭንም አሉ። መጨረሻው ምን ሆነ? የዚምባብዌ መንግሥት "ወረቀቱ የተሟላ ነው" ብሎ ሐኪሙን ሳይከሰው ቀረ፤ አደኑን በመራው ሰው ላይ የቀረበው ክስም እ.ኤ.አ. በ2016 በፍርድ ቤት ውድቅ ተደረገ።

ዳኛው ፊሽካ አልነፋም ማለት ግን ፋውል አልተሠራም ማለት አይደለም። ማራዶና በ1986 እንግሊዝ ላይ በእጁ ያገባትም በመዝገብ ላይ ጎል ናት። ሲሲል ላይ የተደረገው በደንባቸው የሚያድኑትን ሁሉ ስም አጥፍቷል። አንድ ተጫዋች ባጠፋው ሙሉ ቡድኑ ይሰደባል፤ አዳኞችም ከመካከላቸው ያለውን አጥፊ ራሳቸው ካላጋለጡ ሕዝብ እንዲያምናቸው መጠበቅ የለባቸውም።

የእኛው የሰሜን ተራሮች ጨዋታ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ዳኛ የለበትም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መሣሪያ በዝቷል፣ የፓርኩ ስካውቶች እንደ ልብ መዘዋወር አቅቷቸዋል። እነዚህ ስካውቶች በብርድና በገደል ውስጥ እየዋሉ እያደሩ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ቲፎዞ የላቸውም። ስማቸውን የሚጠራላቸው የለም።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ለሕገወጥ አዳኝ ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደንግጎ ነበር። በጊዜው 30 ሺህ ብር ብዙ ነበር። ዛሬ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የወር ደመወዝ እንኳን አይሞላም። የተራበ ገበሬ ሥጋ ፍለጋ ቢተኩስ ደግሞ በቅጣት ብቻ አይመለስም፤ ዋልያው በሕይወት ቢቆም የሚያገኘው ጥቅም መኖር አለበት። ቱሪስቱ ሲመጣ በቅሎ ያከራያል፣ መንገድ ይመራል፣ ምግብ ያበስላል። ቱሪስቱ ሲቀር ያም ይቀራል።

ከእኛ በፊት ይህ የደረሰባቸውን ማየት ነው። ኮትዲቯር ስሟ ራሱ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ቡድኗም "ዝሆኖቹ" ይባላል። የ2023ቱን የአፍሪካ ዋንጫ በሜዳዋ ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ወሰደች። ጫካዋ ውስጥ የቀሩት ዝሆኖች ግን ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ዋንጫው አለ፣ ስሙም አለ፣ ባለስሙ እየጠፋ ነው።

እኛ ዛሬ ዋንጫውም በእጃችን የለም። ያለን ስሙ ነው። ፌዴሬሽኑ ከሚሸጠው ማልያ ላይ ጥቂት ብር ለስካውቶቹ ጫማና ካፖርት ቢያውል ምን ይጎዳል? ደጋፊ ማኅበራትስ ለአንድ ጨዋታ ከበሮ የሚያዋጡትን አንዴ ለተራራው ቢያዋጡ?

በአማርኛችን "አዳኝ" ሲጻፍ ሁለት ትርጉም አለው፤ የሚገድለውም አዳኝ ነው፣ ከሞት የሚያተርፈውም አዳኝ ነው። ያን የጥቅምት ቀን ከጭንቀት ካወጡን አንዱ አዳነ የሚባል ልጅ ነበር። ተራራው ላይ ያለው ዋልያም አዳኝ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ዓይነት።