በበረራ ሲሙሌተር ላይ ማውስና ጆይስቲክ

በበረራ ሲሙሌተር ላይ አውሮፕላንን በእጅ ለመምራት በብዛት የሚያገለግሉት ማውስና ጆይስቲክ ናቸው። ሁለቱም ያንኑ አውሮፕላን ያዞራሉ፤ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ግን የተለያየ ነው። ማውስ የሚናገረው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ሲሆን ጆይስቲክ ዘንጉ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ ይናገራል። የቀረው ልዩነት በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል።

የጆይስቲክ ዘንግ ወደ ግራና ቀኝ ሲያዘነብል በክንፎቹ ላይ ያሉት ኤለሮኖች አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድሉታል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ የጅራቱ ኤሌቬተር አፍንጫውን ያነሣል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ዝቅ ያደርገዋል። በብዙዎቹ ጆይስቲኮች ላይ ዘንጉን መጠምዘዝ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጅራቱን ረደር ያንቀሳቅሳል። እጅ ሲለቀው ውስጡ ያለው ሞላ ዘንጉን ወደ መካከል ይመልሰዋል። በዚህም ምክንያት አብራሪው ዓይኑን ከአድማስ ሳያነሣ ዘንጉ ምን ያህል እንደተሳበ በመዳፉ ያውቃል፤ የጆይስቲክ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ከእውነተኛ አውሮፕላኖች መካከል እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤርባስ ኤ320 በጎን የሚያዝ ዘንግ ስላለው ለጆይስቲክ ቅርብ ነው፤ ቦይንግ 737 ግን በሁለት እጅ የሚያዝ መሪ አለው።

ማውስ ሞላም መካከልም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1996 በተጠነሰሰውና የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ፍላይትጊር በተባለው ሲሙሌተር ማውሱ በየተራ ጠቋሚ፣ መሪና ዙሪያ መመልከቻ ይሆናል። መሪ ሲሆን የግራ ቀኝ እንቅስቃሴው ኤለሮኑን፣ የፊትና የኋላው ኤሌቬተሩን ያዛል። ግራው ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ተራው የረደሩ ነው፤ መካከለኛው ሲያዝ የሞተሩ ኃይል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ መንኰራኩሩ ደግሞ ኤሌቬተሩን በተፈለገው ቦታ የሚያቆየውን ትሪም ያስተካክላል። ጸጥ ባለ አየር ይህ ይበቃል፤ ከኪቦርድ ቀስቶችም እጅግ ይሻላል። ችግሩ የሚታየው በጎን ነፋስ ማረፍ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ክንፉን ወደ ነፋሱ አጋድሎ ረደሩን ወደ ተቃራኒው መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ማውስ ሁለቱን በተራ እንጂ አንድ ላይ በሚገባ አያስተካክልም። ረደሩ ኤለሮኑን ተከትሎ በራሱ እንዲዞር የሚያደርገው ቅንብር ለተራ መታጠፍ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ጭራሽ እንቅፋት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ትሪም ነው። በእውነተኛ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ትሪም ከመሪው የሚመጣውን ግፊት ከአብራሪው እጅ ላይ ያቀልላል። በጆይስቲክ የሚያበርም የሞላው ጉልበት እጁን ሲታገለው ትሪም ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። በማውስ የተሳበ ኤሌቬተር ግን በተሳበበት ስለሚቆይ እጅ የሚታገለው ነገር የለም። ለመብረር ትምህርት በሚዘጋጅ ሰው ላይ ይህ ትሪምን የመርሳት ክፉ ልማድ ያሳድራል።

ጆይስቲክም ጉድለት አለው። በርካሾቹ ውስጥ ያለው የዘንጉን ቦታ የሚለካው ፖቴንሽሜትር በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ዘንጉ ሳይነካ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፤ በማግኔት የሚሠሩት ከዚህ መበላት የዳኑ ናቸው። አነስተኛ መንቀጥቀጥ ካሊብሬሽን በማድረግና መካከሉ ላይ ምላሽ የማይሰጥ ጠባብ ቀጠና በመተው ይቃለላል፤ ቀጠናው ከሰፋ ግን መሪው ይደነዝዛል።

በኮክፒቱ ውስጥ ሬዲዮ ለመቃኘት፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ለመንካትና የአውቶፓይለቱን ከፍታ ለመሙላት ማውስን የሚተካከል የለም። አብዛኛውን መንገድ በአውቶፓይለት የሚሄድ የመንገደኞች አውሮፕላን ለሚያበር ሰው ጆይስቲኩ የሚያስፈልገው በመነሻና በማረፊያ ላይ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሰዓታት እጁ የሚያርፈው ማውሱ ላይ ነው።