የፋብሪካ ጩኸትና የሠራተኛ ጆሮ

በስኮትላንድ ግላስጎው የጆሮ ሐኪም የነበሩት ቶማስ ባር እ.ኤ.አ. በ1886 መቶ ቦይለር ሠሪዎችን መረመሩ። መሣሪያቸው የኪስ ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን ከሰውየው እያራቁ ቀጭ ቀጭታውን ከምን ያህል ርቀት እንደሚሰማው ይለካሉ። ከመቶው ውስጥ ጤናማ ጆሮ ያለው አንድም አላገኙም። ሥራው የሚከፋው ደግሞ ቦይለሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ከውጭ በመዶሻ የሚቀጠቀጠውን ሪቬት ደግፎ ለሚይዘው ሰው ነበር። በኋላ ሪቬት በብየዳ ሲተካ ያ ሁሉ ድብደባ አብሮ ቀረ። ለውጡ የመጣው ስለ ጆሮ ተብሎ አልነበረም፤ ግን የትኛውም የጆሮ መድፈኛ ሊያተርፍ ከሚችለው በላይ ጆሮ አተረፈ።

ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ታምቡሩ ላይ አይደለም። ከዚያ አልፎ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመሰለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ውስጥ 15,000 ገደማ ጥቃቅን ፀጉራማ ሕዋሳት አሉ። ከባድ ድምፅ ዕለት ዕለት ሲደጋገምባቸው ይዝላሉ፣ ኋላም ይሞታሉ፤ የሞተው አይተካም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ካለው ቀጭን ድምፅ ነው። ለዚህ ነው ተጎጂው «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚለው። እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉት ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፤ አናባቢዎቹ ወፍራምና ብርቱ ስለሆኑ ይቆያሉ። ቤተሰቡ «አባባ የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው» ብሎ ይቀልዳል።

ሕመም የለውም፣ ደም አይፈስም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ከሥራ መልስ ጆሮ ጭው ማለቱና ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረጉ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። የቆየ ሠራተኛ «እኔማ ለምጄዋለሁ» ሲል ሊጨነቅ የሚገባው አለቃው ነው። ጆሮ ጩኸት አይለምድም። ጩኸቱ የቀነሰ የመሰለው መስሚያው ስለቀነሰ ነው።

ስንት ይበዛል ለሚለው በሰፊው የሚሠራበት መነሻ ለስምንት ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ግን ገበያ ላይ እንደምንቆጥረው አይቆጠርም፤ 3 ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። የአሜሪካው አስገዳጅ ሕግ እስከ 90 ስለሚፈቅድ ላላ ያለ ነው፤ አውሮፓ ግን አሠሪው ከ80 ጀምሮ መድፈኛ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። መለኪያ ለሌለው፣ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ መስመሩ ታልፏል ማለት ነው።

የመከላከያው ቅደም ተከተል ከታወቀ ቆይቷል፦ መጀመሪያ ምንጩን ማጥፋት ወይም ማለዘብ፣ ቀጥሎ ማሽኑን መከለል፣ ከዚያ የሠራተኛውን የቆይታ ሰዓት ማሳጠር፣ መጨረሻ ላይ መድፈኛ። ብዙ ፋብሪካ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ርካሽ ነዋ! በሽመና ክፍል የሚጮኸው መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲጋጭ ነው፤ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን መልሶ ያባዛዋል። ያለቀ ኩሽኔታ መቀየር፣ ኮምፕሬሰሩን ከአዳራሹ ማውጣት፣ ጣሪያውን ድምፅ በሚውጥ ነገር ማልበስ ብዙ ያረግባል።

መድፈኛ አይረባም ማለቴ አይደለም። ግን እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ የለም። የስፖንጁ ዓይነት በንጹሕ ጣት እየተንከባለለ ይቀጥናል፤ ሌላኛው እጅ በራስ ላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል፤ ከገባ በኋላ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ተደግፎ ይቆያል። ከፊት ለፊት ሲታይ ግማሹ ወጥቶ ከቆመ በቅጡ አልገባም። ጥጥ መወተፍ ራስን ማታለል ነው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መድፈኛ ከስምንት ሰዓት ውስጥ ለ48 ደቂቃ ብቻ ቢወልቅ የቀኑ ጥቅም ወደ 10 ይወርዳል፤ ግማሹን ቀን ቢወልቅ 3 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መድፈኛ ሠራተኛው ሳይሰለች አድርጎት የሚውለው ነው። መድፈኛ የማይመክተው ጉዳትም አለ፦ ቀለም በሚቀባበት ክፍል ውስጥ የሚተነፈሰው እንደ ቶሉዊን ያለ ማሟሚያ ጆሮን ራሱ ይጎዳል፤ ከጩኸት ጋር ሲሆን ይብሳል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ጥሏል። በርሜል ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ዕቃ በሚሆንበት ምናለሽ ተራ ግን ብዙው ሰው አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው። እዚያ የሚጠቅመው ቆርቆሮውን በባዶ ብረት ላይ ሳይሆን በአሸዋ ከረጢት ወይም በአሮጌ ጎማ ላይ አስደግፎ መቀጥቀጥ፣ ከጎረቤትም በተቻለ መጠን ራቅ ማለት ነው።

ለትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዕድሉ ያለው ግዢ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ ማሽን ኦፕሬተሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ድምፁ ከ70 ዴሲቤል ካለፈ መጠኑ መመሪያ መጽሐፉ ላይ መጻፍ አለበት። እኛ ዘንድ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ የሚጠየቀው ዋጋው፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውና መለዋወጫው ነው። ስንት ዴሲቤል እንደሚጮህ የሚጠይቅ አንድ መስመር መጨመር ምንም አያስወጣም፤ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ግን ያው ጥያቄ የግንብና የጣሪያ ወጪ ይዞ ይመጣል።